በኮንዶሚኒየም ሳሎን የቆየ ስፒከር ማደስ ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት?

የጎተራው አድማጭ

ጤና ይስጥልኝ። በድምፅ መሣሪያ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። በቤታችን ያሉት ስፒከሮች አባታችን ከብዙ ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ይዘዋቸው የመጡ፣ የእንጨት ሣጥን ያላቸውና እያንዳንዳቸው አንድ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ዉፈር (የወፍራሙ ድምፅ ማውጫ) እና አንድ ትዊተር (የቀጭኑ ድምፅ ማውጫ) የያዙ ናቸው። የሚያጫውታቸው አምፕሊፋየር በ8 ኦም የስፒከር ተቃውሞ በየወገኑ 50 ዋት የሚሰጥ ነው። በልጅነቴ የበገናንና የክራርን ድምፅ የለመድሁት ከእነዚህ ስፒከሮች ስለሆነ በቀላሉ ላሰናብታቸው አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ አሁን የሚሰጡት ድምፅ ያኔ የማውቀው ድምፅ አይደለም።

የምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን 4.8 ሜትር በ3.6 ሜትር ሲሆን የጣሪያው ከፍታ 2.6 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ስፒከሮቹ በአጭሩ ግድግዳ በኩል፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ቡፌ ላይ ተቀምጠዋል። የግራው ጥግ ውስጥ ገብቷል፤ ሶፋው ደግሞ ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። የቤዝ ጊታር ሲመታ አንዳንዱ ኖታ ቤቱን ያናውጣል፤ ሌላው ጨርሶ አይሰማም። የድምፃዊው ቃል ይታፈናል፤ ከመሃል መምጣት የሚገባው ድምፅም ግራና ቀኝ ይበታተናል።

ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለሚመጣ እስከ 500 ዶላር የሚያወጣ ጥንድ ስፒከር ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ሆኗል። የጠየቅሁት አንድ ሻጭ ግን በመጀመሪያ ባለ 200 ዋት አምፕሊፋየር እንድገዛ ይመክረኛል፤ አንድ ወዳጄ ደግሞ ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ብቻ ብጨምር በቂ ነው ይላል። ከየትኛው ብጀምር ይሻላል? አዲስ ስፒከር የምገዛ ከሆነስ መሬት ላይ የሚቆመውን ረጅሙን ነው ወይስ ትንሹን የመደርደሪያ ስፒከር የምመርጠው?

ክራር ወዳድ

የገለጹት ምልክት ከስፒከሮቹ አስቀድሜ ክፍሉን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድን የድምፅ ሞገድ ግማሽ ሲያህል፣ ያ ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ከሌላው ድምፅ ሁሉ በላይ ይጎላል። በእርስዎ ሳሎን ይህ የሚደርሰው በርዝመቱ በኩል 36 ኸርዝ (በሴኮንድ 36 ንዝረት) ገደማ፣ በወርዱ በኩል 48 ኸርዝ ገደማ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ደግሞ 66 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ላይ ስለሚጀምር፣ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ አጠገብ የሚያርፈው ኖታ ቤቱን ያናውጣል፤ በመካከላቸው የሚውለው ግን ይደክማል። ይህን ጠባይ የትኛውም ውድ ስፒከር አያጠፋውም፤ እንዲያውም ወደ ታች ጠልቆ የሚጫወት ትልቅ ስፒከር ችግሩን ያባብሰዋል።

ቤዝ እጅግ የሚጠራቀመው ግድግዳ ሥር ነው፤ ሁለት ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ ደግሞ ከሁሉም ይበረታል። አንደኛው ስፒከር ጥግ ውስጥ ገብቶ፣ አድማጩም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሲቀመጥ፣ ያ ጉልበት በሁለቱም ጫፍ ተደራርቦ ይሰማል። ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ሶፋውን ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ያምጡት። የግራውን ስፒከር ከጥጉ አውጥተው ሁለቱ ከጎን ግድግዳቸው እኩል እንዲርቁ ያድርጉ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ እርስዎ ያለው ርቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ትዊተሩም በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ማለትም ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ላይ መዋል ይኖርበታል። ቡፌው የግድ ከሆነ ስፒከሮቹን እስከ ፊተኛው ጠርዝ ያምጧቸው፤ ከኋላ ሲቀመጡ የቡፌው ገጽ ድምፁን እያንጸባረቀ ቃሉን ያደበዝዘዋል።

ከኋላ ግድግዳ የመራቅ ጉዳይ ጥቂት ማሰብን ይጠይቃል። ከስፒከሩ ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ፣ የርቀቱ አራት እጥፍ የሞገድ ርዝመት በሚሆንበት ድምፅ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ይህ ጉድለት 143 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል፤ ያም የወንድ ድምፅ መሠረት የሚገኝበት ቦታ ስለሆነ ድምፃዊው የቀጠነ ይመስላል። ስለዚህ በጥቂት ጥቂት እያራቁና እያስጠጉ፣ በየቦታው አንዱን ዜማ ደጋግመው እያዳመጡ መወሰን ያስፈልጋል። እኔ ለዚህ ሥራ ከበገና የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። አሥሩ ጅማቶች ከዉፈሩ የሚመጣ ጥልቅ መሠረት አላቸው፤ በጅማቱና በብርኩማው መካከል የሚገቡት የቆዳ እንዚራዎች የሚፈጥሩት ንዝረት ደግሞ እስከ ትዊተሩ ድረስ ይወጣል። ሁለቱ ከአንድ መሣሪያ እንደወጡ ሆነው ካልተሰሙ፣ ወይ አቀማመጡ ወይ ስፒከሩ ራሱ ጉድለት አለበት ማለት ነው።

በሴራሚኩ ላይ፣ በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል፣ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። በጎን ግድግዳዎች ላይ ድምፅ የሚነጥርበትን ቦታ ለማወቅ፣ እርስዎ ተቀምጠው ሌላ ሰው መስተዋት በግድግዳው ላይ ያንቀሳቅስ፤ ትዊተሩ በመስተዋቱ ውስጥ በሚታይበት ስፍራ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ ቢኖር ቃሉ ይጠራል። ምንጣፍና መጋረጃ የሚያለዝቡት ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ የቤዙን ችግር ይፈቱልኛል ብለው አይጠብቁ። ቤዙ የሚስተካከለው በቦታ ለውጥ ነው።

ባለ ብየዳው

ክራር ወዳድ ስለ ክፍሉ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜ የጠገቡ ስፒከሮች ሳይመረመሩ ቦታ ማቀያየሩ ብቻውን ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ሊያደርስ ይችላል። በተለይ «ድምፁ ከመሃል አይመጣም» የሚለው ቃልዎ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ እንደታሰረ ያስጠረጥረኛል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ዉፈር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚሳብ ቤዙ ይጠፋል፤ የመሃሉም ድምፅ ይበተናል። ለማረጋገጥ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በገመዱ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከፖዘቲቩ ገመድ ጋር ሲገናኝ የሁለቱም ዉፈሮች ካርቶን (የሚንቀሳቀሰው የፊት ክፍል) ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው፤ መፍትሔውም አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቀጥሎ የፊት መሸፈኛውን ጨርቅ አውልቀው የዉፈሩን ዙሪያ የያዘውን ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ ጎማ ከሆነ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ስፖንጅ ከሆነ ግን ባይጫወት እንኳ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደርቆ ይፈረፈራል። በጣት ቀስ ብለው ሲነኩት ዱቄት ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ አምፕሊፋየሩን ያጥፉት፤ ካርቶኑ መሃሉን ስቶ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ካርቶኑን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል ከማግኔቱ ጋር እየተፋቀ ይበላሻልና። ከዚያም በሁለቱም እጅ ጣቶች ካርቶኑን በእኩል ጫና ወደ ውስጥ ገፍተው ሲለቁት የመፋቅ ድምፅ ካልሰሙ ጥቅሉ ደህና ነው። ጠርዙ ብቻ ከሆነ የተበላሸው፣ ልኩ የሆነ አዲስ የስፖንጅ ጠርዝ አስመጥቶ ማስለጠፍ ይቻላል። ልክ ስል የዉፈሩን ስፋት ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የካርቶኑን ዳር ስፋትና የጠርዙን ጥቅል ስፋት ጭምር መለካት ያስፈልጋል። ስፖንጁን በወፍራም ጎማ መተካትም አልመክርም፤ የዉፈሩን ክብደትና ልስላሴ ስለሚለውጥ ቤዙ ሌላ ይሆናል።

በሣጥኑ ውስጥ ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨርም ያረጃል። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) ከዘመን ብዛት ልካቸውን ይስታሉ፤ ትዊተሩ የደበዘዘ ወይም ከሌላኛው የተለየ ከሆነ መጀመሪያ የምለካው እነሱን ነው። በላያቸው የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር ሳይለወጥ፣ የቮልት መጠናቸውም ሳያንስ በሁለቱም ስፒከሮች ላይ በአንድ ጊዜ መተካት አለባቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዉፈሩ ከተቃጠለ ከገበያ የተገኘ ማንኛውንም ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ዉፈር አምጥቶ መግጠም ስፒከሩን ማደስ አይደለም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 ባቀረበው ጥናት፣ ከእሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስፋፋው ሥራ እንዳሳዩት፣ የዉፈሩ ጠባይና የሣጥኑ ይዘት በስሌት የተጋቡ ናቸው። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ካልተለወጠ ቤዙ ወይ ያብጣል ወይ ይከሳል።

የባለ 200 ዋቱን አምፕሊፋየር ምክር ደግሞ አልደግፍም። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ ከ50 ወደ 200 ዋት መዝለል 6 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ያህል ሲጨመር ነው። በእርስዎ ሳሎን ውስጥ ለጭውውት በማይከለክል ደረጃ ሲያዳምጡ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው በአማካይ ከጥቂት ዋት አይበልጥም። በማሸጊያ ሣጥናቸው ላይ «ፒኤምፒኦ» ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዋት የሚጻፍባቸውን መሣሪያዎች ደግሞ ከቁጥር ሳያስገቡ ይለፏቸው፤ መታየት ያለበት ቁጥር ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየው አርኤምኤስ የሚለው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከአሜሪካ ለወገን ስፒከር መላክ የተለመደ ስለሆነ ስለ ግዢው የማውቀውን ላካፍል። ከባለ ብየዳው ጋር በአንድ ነጥብ እለያያለሁ፤ የስፖንጅ ጠርዝና የካፓሲተር ለውጥ የሚያዋጣው ሌላው ክፍል ሁሉ ጤነኛ ሲሆን ነው። ትዊተሩ ወይም የሽቦ ጥቅሉ ከተበላሸ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት የታየው የስፒከር አሠራር መሻሻል በዋጋ ትንሽ የሆነውን አዲስ ስፒከር ከብዙ አሮጌ ስፒከሮች የተሻለ ስላደረገው ገንዘብዎን ለአዲሱ ቢያውሉት ይሻላል።

በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ይወስኑ። አምፕሊፋየር በውስጡ የሌለው ስፒከር ሶኬት ላይ ስለማይሰካ በ120 ቮልት አገር ተሸጦ በ220 ቮልት አገር ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። በውስጡ አምፕሊፋየር ያለው ስፒከርና ሰብዉፈር ግን በጀርባው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ከሌለው ወይም የቮልት መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ወንድምዎ ሳይከፍል በፊት ይህን ጽሑፍ በዓይኑ ማየት ይኖርበታል።

ለሳሎንዎ ትንሹን የመደርደሪያ ስፒከር እመርጣለሁ። ክራር ወዳድ በሰጡት ስሌት መሠረት 36 እና 48 ኸርዝ ላይ ክፍሉ ራሱ ስለሚያጎላ፣ ቤዙን በለዘብታ የሚያወርድ ስፒከር እዚያ ውስጥ ሚዛኑን ይጠብቃል። ትንሽነት ጉድለት አይደለም፤ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለውጭ ስርጭት መኪኖቹ ያዘጋጀው ኤልኤስ3/5ኤ ከጫማ ሣጥን ብዙም ያልበለጠ ሆኖ ሳለ የሰውን ድምፅ በማቅረብ ረገድ እስከ ዛሬ ይወደሳል። በጀትዎ ውስጥ እንደ ኢላክ ኩባንያ ዴቡት ቢ6.2 ያለ፣ ባለ 16.5 ሴንቲ ሜትር ዉፈር ስፒከር፣ እንዲሁም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየትውልዱ እየታደሰ የመጣው የዋርፍዴል ዳይመንድ ቤተሰብ አባላት ይገኛሉ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነም ባለ ብየዳው የዘረዘሩት ምርመራ ሁሉ ከክፍያ በፊት ይሠራል።

መግለጫ ሲያነቡ የዋት ጣሪያውን ትተው ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ይዩ። ይህ ቁጥር ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ይናገራል፤ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ያ ቮልት 1 ዋት ማለት ሲሆን 4 ኦም ለሆነ ግን 2 ዋት ስለሚሆን ሁለቱን በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። የኬኢኤፍ ኩባንያ ኤልኤስ50 ስፒከር በ85 ዴሲቤል፣ የኢላኩ በ87 ዴሲቤል ይታወቃሉ፤ ለ50 ዋት አምፕሊፋየርዎ ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያው ዉፈር በእኩል መጠን ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረው ድምፅ በ2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለው አየርም በዚያው ልክ ይላላል፤ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ግን ቀዳዳው የተቃኘበት ድምፅ አይለወጥም፣ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለምና። በአድማጭ ጆሮ ይህ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ሴንሲቲቪቲው ከ85 ዴሲቤል በታች የሆነውን ስፒከር ላለመምረጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሆነኛል።

ስለ ጥራት ደግሞ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም በሃርማን ኩባንያ የሠሩት ፍሎይድ ቱል በጥናታቸው ያሳዩት ነገር አለ። አድማጮች የስፒከሩን ስምና መልክ ሳያዩ ሲያዳምጡ፣ አብዛኞቹ የሚመርጡት ፊት ለፊት የሚሰጠው ድምፅ ያልተዛባውን፣ ወደ ጎን የሚሰጠው ድምፅም ለስለስ ብሎ የሚቀንሰውን ስፒከር ነው። በብሎኬትና በሴራሚክ በተሠራ ክፍል ውስጥ የጎኑ ድምፅ ተመልሶ ጆሮ ስለሚደርስ ይህ ነጥብ ለእርስዎ ከሌላው በላይ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ ወንድምዎ ከመግዛቱ በፊት የስፒከሩን የፊትና የጎን ልኬት የሚያሳይ ግራፍ ፈልጎ ይመልከት።

የጎተራው አድማጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባትሪውን ፍተሻ ሳደርግ የቀኙ ካርቶን ወደ ውስጥ ገባ፤ ገመዱን አስተካክዬ ስፒከሮቹን ከጥግ አውጥቼ፣ ሶፋውንም ወደ ፊት አምጥቼ ሳዳምጥ የድምፃዊው ቃል በሁለቱ መካከል ቆመ። የዉፈሮቹ ጠርዝ ስፖንጅ ሲሆን በአንደኛው ላይ ስንጥቅ ስላየሁ ለጊዜው ማጫወቱን አቁሜያለሁ፤ የመፋቅ ድምፅ ግን ከሁለቱም አልሰማሁም። ሐሳቤ ወንድሜ በ500 ዶላር አዲስ ስፒከር ከማምጣት ይልቅ ልኩ የሆነውን ጠርዝና ካፓሲተሮቹን እንዲያመጣልኝ ነው። የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ሌሊት ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሳዳምጥ ቤዙ ስለሚጠፋ ሰብዉፈር ይረዳኛል? የአሁኑ ገመድ እጅግ ቀጭን ስለሆነስ በምን ልቀይረው?

ክራር ወዳድ

ድምፁ ዝቅ ሲደረግ ቤዝ የሚጠፋው በጆሮ ተፈጥሮ ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ድምፅ በቀነሰ ቁጥር ጆሮ ለወፍራሙ ድምፅ ያለው ንቃት ከመካከለኛው ይበልጥ ይቀንሳል። በአምፕሊፋየርዎ ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ካለ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ሌሊት ያብሩት፣ ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ያጥፉት። ሰብዉፈርን በኮንዶሚኒየም ውስጥ አልመክርም። ወፍራም ድምፅ በወለሉ ኮንክሪት አልፎ ከታችም ከላይም ያሉ ጎረቤቶች ዘንድ ይደርሳል፤ እርስዎ ሳሎን ውስጥ ልከኛ ነው የሚሉት ቤዝ ለሌላው ሰው መኝታ ቤት ሁከት ሊሆን ይችላል። ስፒከሮቹ ከታደሱ በኋላ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ዉፈሮችዎ ለዚህ ክፍል የሚበቃ ቤዝ አላቸው።

ባለ ብየዳው

ገመዱን በተመለከተ ከመዳብ የተሠራ፣ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመዱበት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይበቃል። የ5 ሜትር ገመድ ድምር ተቃውሞ፣ ሄዶ መመለሱን ጨምሮ፣ 0.12 ኦም ያህል ስለሆነ ለ8 ኦም ስፒከር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ወይም በኋላ 4 ኦም ስፒከር ከገዙ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬውን ይውሰዱ። ከመዳብ ይልቅ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ የሽቦውን ጫፍ በስለት ፋቅ አድርገው ውስጡ ነጭ አለመሆኑን ይመልከቱ። ለሁለቱም ስፒከሮች ገመዱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ ሽቦ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን መስመር ወይም ቀለም ምልክት አድርገው ሁልጊዜ ፖዘቲቩ ላይ ይሰኩት። ወንድምዎ ጠርዙን ከማዘዙ በፊት የካርቶኑን የውጭ ስፋት፣ የብረት ክፈፉን የውስጥ ስፋትና ጠርዙ የሚለጠፍበትን ዳር በሚሊ ሜትር ለክተው ቢጽፉልኝ ልኩን አብረን እናረጋግጣለን።